ቤቱ ሲሸጥ ውላችሁ የት ይቆማል? ደሴ ላይ ሱቅ ስትከራዩ መሥራት የሌለባችሁ ስህተቶች

እናቴ ሸዋ በር አካባቢ ኪራይ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ልብስ ሰፍታለች። አንድ ቀን ጠዋት ልትከፍት ስትሄድ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘች። ቤቱ በሐራጅ ሊሸጥ ነው። አከራያችን የባንክ ብድራቸውን አልከፈሉም ነበር። ውላችን በእጃችን ነው፤ ኪራዩንም በሰዓቱ ከፍለናል። ግን ሕጉ የሚያየው ማን እንደቀደመና ማን እንዳስመዘገበ ነው።

ቤቱ በመያዣ መያዙን አለመጠየቅ

የእኛ ትልቁ ስህተት ይሄ ነበር። ባንክ ቤቱን በመያዣ ሲያስመዘግብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅድሚያ ይይዛል። እናንተ ከዚያ በኋላ ከተከራያችሁ፣ በሐራጅ የገዛው ሰው «ይሄ ውል እኔን አያስረኝም» ብሎ ለመከራከር በር ይከፈትለታል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ደግሞ ባንኩ ከተበዳሪው ጋር እንዲህ ከተስማማ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ከዚያ በፊት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ማስጠንቀቂያው የሚሰጠው ግን ለተበዳሪው ነው። ባለቤቱ ዝም ካሉ ተከራዩ የሚሰማው እንደ እናቴ በሩ ላይ አንብቦ ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ዋናውን ካርታ ለማየት ጠይቁ። «ባንክ ነው ያለው» ካሏችሁ መልሱን አገኛችሁ። ኮፒ ብቻ ካሳዩአችሁ ከአከራዩ ጋር ሆናችሁ ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሂዱና ዕዳና ዕግድ መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ። እኛ «ትልቅ ሰው ናቸው፣ እንዴት እንዲህ ብለን እንጠይቃቸዋለን» ብለን አፈርን። አትፈሩ፤ ጠይቁ።

የዓመት ኪራይ በአንዴ መክፈል

እኛ አስቀድመን የከፈልነው የሰባት ወር ኪራይ ቀልጦ ቀርቷል። አዲሱ ባለቤት ክፍያውን አልቆጠሩልንም፤ የድሮው አከራይ ደግሞ የሚመልሱት አልነበራቸውም። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ግን እሱ ለመኖሪያ ቤት ነው፣ ሱቅን አይመለከትም። የሱቅ ተከራይ ራሱ ተደራድሮ ማሳነስ አለበት። የምትከፍሉትንም በባንክ አስገቡ።

ረጅም ውል ፈርሞ ሳጥን ውስጥ መቆለፍ

ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሱቅ የሚያድስ ሰው የአሥር ዓመት ውል ይፈልጋል፤ እውነቱን ነው። ግን ፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአምስት ዓመት ለሚበልጥ የቤት ኪራይ ምዝገባ ይጠይቃል። በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ ሦስተኛ ወገንን፣ ማለትም ውሉን ያልፈረመ ሰውን፣ አያስገድድም። ገዢም ባንክም ሦስተኛ ወገን ናቸው። ሦስት ምስክር ፈርሞበታል ማለት ተመዝግቧል ማለት አይደለም።

«ቤቱ ተሽጧል» ሲባል ዕቃ መሰብሰብ

ባለቤት ስለተቀየረ ብቻ ውል አይቀደድም። በተራ ሽያጭ፣ ተከራዩ ቀድሞ ገብቶ ከተቀመጠ፣ ገዢው በሻጩ እግር ተተክቶ አከራይ የሚሆንበት ሕግ አለ። ስለዚህ በቃል ብቻ «ውጡ» ስለተባላችሁ አትውጡ፤ ውላችሁን ይዛችሁ ሕግ አዋቂ አማክሩ። ኪራዩን ለማን እንደምትከፍሉም በጽሑፍ ይሰጣችሁ። አለበለዚያ ሁለቴ ልትከፍሉ ነው።

ከባልና ሚስት አንዱን ብቻ ማስፈረም

የጋራ ቤት ለማከራየት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልፈረመው ወገን ውሉን ሊቃወም ይችላል። የውርስ ቤት ከሆነ ደግሞ ወራሾቹን በሙሉ ጠይቁ።

እናቴ አሁን ፒያሳ አካባቢ ሌላ ሱቅ ይዛለች። ዋናውን ካርታ አይታለች፤ አከራይዋም የትዳር አጋራቸውም ፈርመዋል። ውሉ ላይም «ቤቱን ብሸጥ ይህን ውል ለገዢው አሳውቄ፣ እንዲያከብር አስፈርማለሁ» የሚል መስመር አስገብተናል።