ታክስ ክሬዲት አፓርትመንት ላይ የምትሰሩ ልጆች፣ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

እዚህ አሜሪካ ሊሲንግ ኦፊስ (የአፓርትመንት ማከራያ ቢሮ) ውስጥ የሚሰሩ የኛ ልጆች በጣም እየበዙ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን አብዛኞቹ ታክስ ክሬዲት ቤት ላይ የሚመደቡት የሁለት ቀን ትሬኒንግ ወስደው ነው፣ ከዛ ነገሩ የሚገባቸው ኦዲተር መጥቶ ፋይል ሲከፍት ነው። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ኮምፕላያንስ (ህጉ መከበሩን ማጣራት) ላይ ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ፋይል ሳገላብጥ ነው የምውለው፣ እና ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልጻፍላችሁ። ተከራይ የሆናችሁም አንብቡት፣ እናንተንም ይመለከታል።

ለማያውቀው በአጭሩ፣ በ1986 የወጣው የታክስ ህግ ሴክሽን 42 የሚባለውን አመጣ፣ ታክስ ክሬዲት የምንለው እሱን ነው። ባለቤቱ በርካሽ የሚከራይ ቤት ሰርቶ ለ10 ዓመት ከፌደራል ታክሱ ይቀነስለታል፣ በምትኩ ለ15 ዓመት፣ ከተጨማሪው ውል ጋር ደግሞ ቢያንስ ለ30 ዓመት፣ ገቢያቸው ከጣሪያው በታች ለሆነ ሰዎች በተወሰነ ኪራይ ያከራያል። የሚቆጣጠረው ስቴቱ ነው፣ ቢያንስ በ3 ዓመት አንዴ መጥቶ ቤቱንም ፋይሉንም ያያል። ጥፋት ካገኘ ማስተካከያ ጊዜ ይሰጥና ጥፋቱን የሚያሳውቅበትን ፎርም 8823 ሞልቶ ለአይአርኤስ (ለፌደራሉ ታክስ መስሪያ ቤት) ይልካል፣ ብታስተካክሉትም ይልካል፣ ልዩነቱ ተስተካክሏል የሚለው ላይ ምልክት መደረጉ ብቻ ነው።

በጣም የሚበዛው ስህተት ገቢ አሰላል ላይ ነው። ሰው ፔይስታብ (የደመወዝ ወረቀት) ያይና በሰዓት 22 ዶላር ነው ብሎ በ40 ሰዓትና በ52 ሳምንት ያባዛል፣ 45,760 ይመጣል፣ ጣሪያው 50,000 ከሆነ ገባች ይላል፣ ያስፈርማታል፣ ቁልፍ ይሰጣል። ግን እዛው ፔይስታብ ላይ፣ ከታች በትንሹ፣ ኦቨርታይም የሚል መስመር አለ፣ በሳምንት 6 ሰዓት እየሰራች ነው፣ በ33 ዶላር ስታሰሉት በዓመት 10,296 ነው፣ ሲደመር 56,056። ይቺ ሴት መጀመሪያውኑ አትገባም ነበር ማለት ነው። ነርሲንግ ሆም የሚሰሩ እህቶቻችን ደብል ሺፍት የሚሰሩትን ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ የሰዓት ክፍያውን ብቻ አትዩ፣ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ እስከዛሬ የተከፈላትንም ለብቻው አስሉት፣ ከአሰሪዋ የመጣውንም ወረቀት ጎን አስቀምጡት፣ የሚጋጭ ነገር ካለ ደውላችሁ ጠይቁና ማን ምን እንዳላችሁ ከነቀኑ ጽፋችሁ ፋይሉ ውስጥ አስገቡ። የሚፈለገው የሚቀጥሉት 12 ወራት ገቢ ነው፣ ያለፈው አይደለም። ማስረጃውም ከ120 ቀን በላይ ከቆየ እንደገና ማምጣት ነው።

ሁለተኛው ንብረት ላይ ነው፣ እዚህ ላይ ደግሞ የኛን ሰው የሚያውቅ ሰው ካልጠየቀ ነገር ይበላሻል። አንድ ፋይል ትዝ ይለኛል፣ ሰውየው ራይድሼር ይነዳል፣ ገቢው ንጹህ ነው፣ ሼጁል ሲው (የግል ስራ ገቢ የሚሞላበት የታክስ ፎርም) አለ፣ ሁሉም ልክ ነው፣ ግን ባንክ ስቴትመንቱ ላይ በአንድ ቀን 12,000 ዶላር ገብቷል። ኦዲተሯ ይሄ ምንድነው ብላ በቀይ ከበበችው። እቁብ ነው! ተራው ደርሶት ወስዶ ነው እንጂ አዲስ ያገኘው ገቢ አልነበረም፣ ግን ፋይሉ ውስጥ አንድም መስመር አልተጻፈም፣ እና ለማያውቅ ሰው የተደበቀ ገቢ ነው የሚመስለው። እቁብ የሚባለው እንዴት እንደሚሰራ፣ በወር ስንት እንደሚከፍል፣ ስንት ሰው እንዳለበት፣ መቼ እንደወሰደ የሚያስረዳ የተፈረመ ግማሽ ገጽ ጽሁፍ ቢኖር ኖሮ ያለቀ ነገር ነበር። ከፍሎ ካልጨረሰ የቀረው ዕዳ መሆኑም ይጻፍ።

አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየምም እንዲሁ። ብዙ ሰው ንብረት አለህ ወይ ሲባል እዚህ አሜሪካ ያለውን ብቻ የተጠየቀ ይመስለውና የለኝም ብሎ ይፈርማል፣ ክፋት የለውም፣ አልገባውም። ግን የትም አገር ያለ ቤት ንብረት ነው፣ የሚከራይ ከሆነ ኪራዩም ገቢ ነው። ቤት ስላለው አይከለከልም፣ ያንን ንገሩት፣ ዋጋው ላይ ዕዳውና የመሸጫ ወጪው ይቀነሳል፣ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን የሚያናጋም አይሆንም። አገር ቤት ለቤተሰብ የሚልከው ገንዘብ ግን ከገቢው አይቀነስለትም፣ ይሄን ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል፣ እኔንም ያመኛል፣ ህጉ ግን እንደዛ ነው።

ስም ላይም ትንሽ ልበል። ባልና ሚስት የአባት ስማቸው የተለያየ ነው፣ የልጁ ላስት ኔም ደግሞ የአባትየው የራሱ ስም ነው፣ ሦስት ሰው ሦስት ላስት ኔም ይዞ ይመጣል፣ እና ፋይል የሚያይ ሰው የማይዛመዱ ሦስት ተከራዮች አድርጎ ነው የሚያያቸው። ዝምድናቸውን በግልጽ ጻፉ፣ የጋብቻና የልደት ወረቀቱን አያይዙ፣ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ የተተረጎመውንም ጨምሩ።

ተማሪ የሚለውን ህግ ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ በጣም ከባድ ነው። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆኑ በመርህ ደረጃ አይገቡም። ሁለት እህትማማቾች አብረው ሊገቡ መጡ እንበል፣ ሁለቱም ነርሲንግ ይማራሉ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ይሰራሉ፣ ገቢያቸው ትንሽ ነው፣ የተባረኩ ልጆች፣ ግን አይሆንም። በዓመቱ ውስጥ በ5 ወራት ሙሉ ጊዜ የተማረ፣ ተከታታይ ባይሆንም፣ ለዛ ዓመት ተማሪ ነው የሚባለው፣ ስለዚህ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ተምራ የተመረቀች ልጅ ኦገስት ላይ ብትመጣም ተማሪ ናት። ከዚህ ነጻ የሚያወጡ ምክንያቶች አሉ፣ ባልና ሚስት ሆነው ታክስ አብረው መሙላት የሚችሉ፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት፣ ከፎስተር ኬር (ልጆች በመንግስት በኩል በሌላ ቤተሰብ ከሚያድጉበት) የወጣ፣ ታንፍ (ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጥ የመንግስት ገንዘብ) የሚቀበል፣ በመንግስት የስራ ስልጠና ፕሮግራም ውስጥ ያለ። እነዚህንም በቃል ሳይሆን በወረቀት። ይሄን በየዓመቱ ጠይቁ፣ ህንጻው መቶ በመቶ ታክስ ክሬዲት ሆኖ ከ2008 ህግ በኋላ የገቢ ሪሰርት (በየዓመቱ ገቢን እንደገና ማረጋገጥ) ቢቀርላችሁም እንኳ የተማሪው ጥያቄ አልቀረም።

ቀን ወደ ኋላ መጻፍ፣ ባክዴት ማድረግ፣ በፍጹም። ፊርማ አምልጧችሁ ሰውየው ከገባ ከወር በኋላ ካገኛችሁት ዛሬ አስፈርሙት፣ የዛሬን ቀን ይጻፍ፣ መረጃው በገባበት ቀን የነበረውን ሁኔታ የሚያሳይ መሆኑን በጽሁፍ ግለጹ። ዘግይቶ የተፈረመ ወረቀት ጥፋት ነው፣ ሀሰተኛ ቀን ያለበት ግን ማጭበርበር ነው፣ አንዱ ሲገኝ ያልተነካውም ፋይል ሁሉ ይጠረጠራል። ማኔጀር አድርጊው ካለሽም እምቢ በይ።

ኪራይ ላይ፣ ጣሪያው ተከራዩ ራሱ የሚከፍለውን የዩቲሊቲ (የመብራት፣ የውሃና የመሳሰለው) ግምት ጨምሮ ነው። ጣሪያው 1,400 ሆኖ የዩቲሊቲው ግምት 110 ከሆነ ማስከፈል የምትችሉት 1,290 ነው፣ ግምቱ 135 ሲሆን በ90 ቀን ውስጥ ኪራዩ ወደ 1,265 መውረድ አለበት፣ ሲስተም ውስጥ ሳይቀየር ይረሳል። ግዴታ የሆነ ወርሃዊ ፊ ካለም እዛው ውስጥ ይቆጠራል። ትርፍ የተወሰደውን መመለስ ለተከራዩ ፍትህ ነው፣ መልሱለት፣ ግን ያ ቤት ለዛ የታክስ ዓመት በመመለሱ ብቻ አይስተካከልም።

አሁን ተከራይን የሚጎዳው። ደመወዝሽ ከጨመረ ትወጫለሽ ብለው የሚያስፈራሩ ሊሲንግ ሰራተኞች አሉ፣ በዚህ ምክንያት ፕሮሞሽን እምቢ ያለች እናት አውቃለሁ፣ እስካሁን ያናድደኛል። በታክስ ክሬዲት ህግ ስትገቢ ብቁ ከነበርሽ ገቢሽ በኋላ ስላደገ አያስወጡሽም። ከጣሪያው 140 በመቶ ሲያልፍ ባለቤቱ ላይ ነው ግዴታው የሚመጣው፣ በዛው ህንጻ የሚለቀቀውን ተመጣጣኝ ወይም አነስ ያለ ቤት ብቁ ለሆነ ሰው ማከራየት አለበት። ህንጻው ሌላ ፕሮግራም ከተደረበበት የዛኛውን ህግ ለብቻው ጠይቁ። ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ሊዝ አላድስም ማለት አይቻልም፣ ሴክሽን ኤይት ቫውቸር (የመንግስት የኪራይ ድጋፍ) ስላለህ አልቀበልህም ማለትም አይቻልም፣ ሴክሽን 42 ራሱ ከልክሎታል።

ቤቱን ራሱን አትርሱ፣ የጭስ አላርም ባትሪ፣ አልከፈት ያለ መስኮት፣ የሚያፈስ ቧንቧ፣ ኢንስፔክተር የሚጽፈው እነዚህን ነው።

ፋይል አትጣሉ። የመጀመሪያው ዓመት ፋይሎች ባለቤቱ የመጨረሻውን የኮምፕላያንስ ዓመት (የ15ኛውን) ታክስ ካስገባበት ቀነ ገደብ በኋላ ሌላ 6 ዓመት መቀመጥ አለባቸው፣ ወደ 21 ዓመት ማለት ነው፣ እና ማኔጅመንት በተቀየረ ቁጥር ካርቶን ይጠፋል። ዛሬ ኦፊስ ስትገቡ የመጀመሪያው ዓመት ካርቶን የት እንዳለ ጠይቁ። ከዛ በየወሩ አምስት አምስት ፋይል እያወጣችሁ ራሳችሁ ኦዲት አድርጉ፣ ምክንያቱም የስቴቱ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ራሳችሁ አግኝታችሁ ያስተካከላችሁት ስህተት 8823 ላይ አይወጣም፣ ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ያስተካከላችሁት ግን ይወጣል።