ተማሪ ሆናችሁ ቀበሌ ስታማክሩ

ደሴ ስማር ከጓደኞቼ ጋር ባቲ አካባቢ አንድ ቀበሌ አማክረናል። ጥያቄው «ነዋሪው ለምን ስብሰባ አይመጣም?» የሚል ነበር። መጀመሪያ ላይ አበላሸነው። ይህን የምጽፈው እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። ከቀበሌው ጋር በአንድ ጥያቄ ብቻ ተስማሙ።

ሕጉንም አንብቡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ የምትሠሩት ለቢሮው ብቻ አይደለም።

ከባዱ ሰው ማናገር ነው። እኛ ስብሰባ የጠራነው ሰኞ ነበር። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ቀድመን አልጠየቅንም። የመጡትን ጥቂቶች ያናገርናቸው ደግሞ ሊቀመንበሩ አጠገባችን ተቀምጦ ነው። ሁሉም «ደህና ነው፣ ምስጋና ነው» አሉ። ያንኑ ጻፍን። ነዋሪው በልቡ ያለውን ሳይሆን ፈርቶ የተናገረውን ማለት ነው። ዛሬም ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ጊዜ በቅሬ፣ ማለትም በእድሩ፣ በኩል ገባን። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለሐዘን የሚገናኝበት ነውና ሰው ያምነዋል። የቅሬውን ዳኛ አስፈቀድን። ከዚያ እናቶችን ቡና ላይ አገኘናቸው። አቦል ላይ ጥያቄ አታንሱ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ይወራ። ጨዋታው ሲሞቅ፣ ቶና ላይ፣ ጠይቁ። አንዲት እናት እንዲህ አሉን፦ «ጠዋት እኔ ውኃ ወረፋ ላይ ነኝ። ደሞስ አምና የተናገርነው የት ደረሰ፣ ልጆቼ?» የስንት ቀን ልፋታችን መልስ እሱ ነበር። ሰዓቱ አይመችም፤ የተባለውም ምላሽ አያገኝም።

ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹ፤ ሰው ዝም ይላል። ታብሌት ላይ የሚሞላ መጠይቅም ለዚህ ሥራ አልወድም፤ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ይዞ ይመለሳል። ትንሽ ደብተር ይበቃል። እሱንም ከወጣችሁ በኋላ ሙሉት፣ ስም ሳትጽፉ።

ሪፖርቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ለቀበሌው ከመስጠታችሁ በፊት ለነገሯችሁ ሰዎች አንብቡላቸው፣ ያርሙት። ምክራችሁም ገንዘብ የማይጠይቅ ይሁን። እኛ ሁለት ነገር አልን፦ ስብሰባው ከሰዓት ይሁን፤ ሲጀመርም ባለፈው የተነሳው ጥያቄ ምን ላይ እንደደረሰ ይነገር።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። እኛ ስንሄድ ሰዓቱ ተቀይሯል። የአምናው ጥያቄ ግን ገና መልስ አላገኘም ነበር። ሁለተኛውን ደብዳቤ የጻፍነው ለእሱ ነው።