አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ የሚቆም የድሮ ኮምፒውተር፦ ብልሽቱ እንዴት ይገኛል?

ጭራሽ አልበራም ያለ ኮምፒውተር ይሻላል፤ ቢያንስ ሲለኩት ያው ነው። የሚያደክመው ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት የሚቆመው ነው። እዚህ ላይ ዕቃ መቀያየር ያሳስታል፦ ቺፕ ሲነቀልና ሲተከል ግንኙነቱ ለጊዜው ስለሚስተካከል፣ ያለ ጥፋቱ የተቀየረው ቺፕ ጥፋተኛ ይመስላል። ስለዚህ ምንም ከመቀየርዎ በፊት ብልሽቱን በፈለጉት ሰዓት ማምጣት መቻል አለብዎት።

1. ይመዝግቡ። ከተበራ በስንተኛው ደቂቃ ቆመ? ሲቀዘቅዝ እምቢ ብሎ ሲሞቅ የሚነሳ ከሆነ የደረቀ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያከማች ዕቃ) ይጠርጥሩ። ሞቆ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ቺፕ ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ።

2. ቮልቴጁን ማሽኑ እየሠራ፣ ከኃይል መግቢያው ርቆ ካለ ቺፕ እግር ላይ ይለኩ። የ5 ቮልቱ መስመር ከ4.75 እስከ 5.25 መሆን አለበት። መግቢያው ላይ 5.0፣ ቺፑ ላይ 4.7 ካሳየ ኃይሉ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው፤ ማገናኛውንና ማብሪያውን ያጽዱ። 4164 በሚባለው የድሮ ሚሞሪ ቺፕ ላይ ሲለኩ ይጠንቀቁ፦ 5 ቮልቱ 8ኛው እግር፣ ግራውንዱ (የዜሮ ቮልቱ መስመር) 16ኛው ነው፤ ከአብዛኞቹ ቺፖች የተገላቢጦሽ። ኮሞዶር 64 የተባለው የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቤት ኮምፒውተር የጥንቱ ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ቮልቴጁ ወደ ላይ ወጥቶ ሚሞሪውን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሰኩ አስቀድመው ይለኩት። ፓወር ሰፕላዩንና የድሮውን ሞኒተር ግን ልምድ ከሌለዎት አይክፈቱ፤ ከተነቀሉም በኋላ አደገኛ ቮልቴጅ ይይዛሉ።

3. ሶኬቶቹ፣ ማለትም ቺፖቹ የሚሰኩባቸው መቀመጫዎች። ብዙው ብልሽት የሚገኘው እዚህ ነው። ቺፕ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር በጥቂቱ እየተገፋ ከሶኬቱ ይወጣል፤ እግሩም ይጠቁራል። ተጭነው ቢያስገቡት ይሠራል፣ ግን ይመለሳል። ይልቁንስ፦
– ኮምፒውተሩን ነቅለው፣ የቺፑን አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ።
– በጠፍጣፋ መፍቻ አንዱን ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ ሌላውን፣ እያፈራረቁ ያንሱት። በአንድ ጎን ከተነሳ እግሩ ይጣመማል።
– እግሮቹን ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ያጽዱ፤ ደርቆ ይመለስ።
እግሩን በአንድ ጎን ብቻ የሚይዝ የላላ ሶኬት ግን ጽዳት አያድነውም፤ ይቀየራል።

4. የሚሞሪ መፈተሻ ፕሮግራም እያስኬዱ፣ ቦርዱን በቀጭን እንጨት በቀስታ ነካ ነካ ያድርጉ። የሚያስቆመውን አካባቢ ካገኙ በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር ብየዳውን ይዩ፤ እግሩን የከበበ ቀለበት መሳይ መስመር ስንጥቅ ነው። በተለይ ኬብል የሚሰካባቸው ቦታዎች ላይ። ኃይሉን አጥፍተው፣ ፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ቀብተው፣ በትንሽ አዲስ የብየዳ ሊድ ይበይዱት።

5. እንጨቱ ካላገኘው ሙቀት። አካባቢውን በጸጉር ማድረቂያ ያሙቁ፤ ብልሽቱ ሲመጣ በማቀዝቀዣ ስፕሬይ አንድ አንድ ቺፕ ብቻ ያቀዝቅዙ። ማሽኑ የተመለሰው የትኛው ሲቀዘቅዝ ነው? ሦስት ጊዜ ካልደገሙት አይመኑት፤ ቅዝቃዜው አጠገቡ ያለውን ስንጥቅም ሊገጥም ይችላል።

ቦርዱ ላይ በርሜል መሳይ 3.6 ቮልት ባትሪ ካለ ዛሬውኑ ቆርጠው ያውጡት። የሚያፈሰው አልካላይ መዳቡን ከአረንጓዴው ሽፋን ሥር ይበላዋል። የፈሰሰውን በኮምጣጤ፣ ቀጥሎ በውኃ፣ በመጨረሻ በአልኮል ያጥቡ።

ከጥገናው በኋላ ክዳኑን ገጥመው ለሰዓታት ይፈትሹት፤ ክፍት ሆኖ የሠራ ማሽን ሲከደን የበለጠ ይሞቃል።