ለሁለተኛው ፊልም የትኛው አስፈሪ ጌም ይመረጥ? በምርጫው ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የፊልም ጽሑፍ የሚለማመዱ ወጣቶች ከሐይቁ ዳር ባሉ ካፌዎች ሲሰባሰቡ፣ ክርክራቸው ብዙ ጊዜ ከጌም አይወጣም። ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ፣ አንድ አስፈሪ የቪዲዮ ጌም አንዴ ፊልም ከሆነ በኋላ ለክፍል ሁለት ከተከታታዮቹ የትኛው ይወሰድ የሚለው ነው። እንደ ልምምድ ይህን የመሰለ ጥሩ ጥያቄ የለም፤ ነገር ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከተሳሳተ ቦታ ነው። በእኔ እምነት መልሱ ያለው ጌሞቹ በተጫዋቾች ዘንድ ባላቸው ደረጃ ውስጥ ሳይሆን፣ በመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያው ፊልም የቀየረው፣ የገደለውና ሳይመልስ የተወው ነገር ሁሉ ሁለተኛውን ያስገድደዋል፤ ከዚህ በታች የማነሳቸው አብዛኞቹ ስህተቶችም ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው። የጌሞቹና የፊልሞቹ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጣም የተወደደውን ጌም ማንሳት

ዋናው ስህተት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። ኮናሚ የ«ሳይለንት ሂል»ን የመጀመሪያ ጌም በ1999፣ ሁለተኛውን በ2001፣ ሦስተኛውን ደግሞ በ2003 አወጣ። አድናቂዎች ብዙውን ጊዜ ከሁሉም አስበልጠው የሚያነሱት ሁለተኛውን ነው፤ ጄምስ ሰንደርላንድ የሚባል ሰው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከሞተችው ሚስቱ ደብዳቤ ደርሶት ጉም ወደ ዋጣት ከተማ የሚሄድበት ታሪክ ነው። ነገር ግን በ2006 ክሪስቶፍ ጋንስ ያዘጋጀው ፊልም የተመሠረተው በመጀመሪያው ጌም ላይ ነበር። ለክፍል ሁለት ሁለተኛውን ጌም ማንሳት ማለት ልጇን ፍለጋ ወደ ከተማዋ የገባችውን እናት፣ ልጅቱንና ቤት የቀረውን አባት በሙሉ ጥሎ ከማይታወቅ ሰው መጀመር ማለት ነው፤ ጄምስን ከእነዚህ ሰዎች ጋር የሚያገናኘው ከከተማዋ በቀር ምንም ነገር የለምና።

በዚህ ረገድ የ2012ቱ ፊልም አዘጋጆች ሦስተኛውን ጌም መምረጣቸው ተገቢ ነበር፤ ሦስተኛው ጌም የመጀመሪያው ታሪክ ቀጥተኛ ቀጣይ ነው። ችግሩ የመጣው በሌላ በኩል ነው። በጌሙ ልጅቱን የሚያሳድጋት አባት ሲሆን፣ ጋንስ ግን ፈላጊውን ከአባት ወደ እናት ቀይሮ ነበር። ከዚህም አልፎ በፊልሙ መጨረሻ እናትና ልጅ ቤታቸው ሲገቡ፣ አባትየው በዚያው ቤት ውስጥ እያለ አያያቸውም፤ እነርሱ በጉሙ ዓለም፣ እርሱ ደግሞ በእኛው ዓለም ቀርተዋል። ተመልካቹን በሐዘን የሸኘው ይህ መለያየት ነው። የ2012ቱ ፊልም ሦስተኛው ጌም የሚፈልገውን አባትና ልጅ አንድ ላይ ለማኖር ሲል፣ እናትየው በአንድ ክታብ ኃይል ልጇን ወደ አባቷ እንደላከቻት በአጭር ገለጻ ተናግሮ ያልፋል። ያን ያህል የከበደ መለያየት እንዲህ በቀላሉ ሲፈታ፣ የመጀመሪያውን ፊልም የወደደ ሰው እንደተከዳ ቢሰማው አይፈረድበትም።

ስለዚህ ስለ ጌሞቹ ከመከራከር በፊት የመጀመሪያውን ፊልም የመጨረሻ ሃያ ደቂቃ ደግሞ ማየትና ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን የት እንደቀረ፣ የትኛው ጥያቄ ሳይመለስ እንደታለፈ በወረቀት ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። ከዚያ ወረቀት ጋር የማይገጥም ጌም የቱንም ያህል ቢወደድ ራሱን የቻለ ሌላ ፊልም እንጂ ክፍል ሁለት ሊሆን አይችልም። ጋንስ ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ሁለተኛው ጌም ሲመለስ፣ የቀድሞውን ቤተሰብ ትቶ የጄምስን ታሪክ ለብቻው መንገርን መምረጡ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል።

የጌሙን ቁጥር እንደ ፊልሙ ቁጥር መቁጠር

ክፍል ሁለት ፊልም ከሁለተኛው ጌም መወሰድ አለበት የሚል ሕግ የለም። በ2002 የወጣው የመጀመሪያው «ሬዚደንት ኢቭል» ፊልም ሲያበቃ አንደኛው ገጸ ባሕርይ «ኔሜሲስ» ወደሚባል ፕሮግራም እንዲወሰድ ሲታዘዝ ይሰማል፤ በጌሞቹ ውስጥ የሌለችው የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ አሊስም ከሆስፒታል ወጥታ በፈራረሰች ከተማ መካከል ብቻዋን ትቆማለች። የ2004ቱ ተከታይ ፊልም በ1999 ከወጣው ሦስተኛው ጌም ኔሜሲስ የተባለውን ጭራቅና የጌሙን ዋና ገጸ ባሕርይ ጂል ቫለንታይንን የወሰደው ለዚህ ነው። ፊልሙ ሌሎች ድክመቶች አሉበት፤ ምርጫው ግን በቀድሞው ፊልም መጨረሻ ላይ የተተከለ ነበር።

ጭራቁን ወድዶ ታሪኩን መርሳት

«ፒራሚድ ሄድ» የሚባለው፣ ራሱ በትልቅ ባለ ማዕዘን ብረት የተሸፈነውና ግዙፍ ቢላዋ የሚጎትተው ፍጡር የተወለደው በሁለተኛው የ«ሳይለንት ሂል» ጌም ውስጥ ነው። እዚያ ያለበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ጄምስ በሠራው በደል የሚቀጣው ይፈልጋል፣ ከተማዋም የሚፈልገውን ቀጪ ትሰጠዋለች። ጄምስ የበደሉን እውነት አምኖ ሲቀበል የፍጡሩ ሥራ ያበቃል። ጄምስ በሌለባቸው በ2006 እና በ2012 ፊልሞች ውስጥ ግን ይኸው ፍጡር ገብቷል፤ በሁለተኛው ፊልም ጭራሽ ለልጅቱ ጠበቃ ሆኖ ይዋጋል። መልኩ አሁንም ያስደነግጣል፤ ምን እንደሚፈልግ ግን የሚያውቅ የለም፤ ፍላጎቱ የማይታወቅ ቀጪ ደግሞ ከጥቂት ትዕይንቶች በኋላ ጌጥ ይሆናል።

በእኛም ረቂቆች ውስጥ ይህ ስህተት በብዛት ይታያል። ጸሐፊው በመጀመሪያ የሚገልጸው የጭራቁን ጥርስ፣ ቁመትና ድምፅ ነው፤ ጭራቁ ለምን ይህን ሰው እንጂ ጎረቤቱን እንደማያሳድድ ሲጠየቅ መልስ አይኖረውም። ጭራቁ ያለ ባለቤቱ የሚቆም ከሆነ ጌሙ ለምን እንደተመረጠ እንደገና መታየት አለበት።

ሁለት ጌም በአንድ ፊልም ማጨቅ

በ2021 የወጣው የጆሃነስ ሮበርትስ ፊልም የ«ሬዚደንት ኢቭል»ን የመጀመሪያና ሁለተኛ ጌሞች ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜና በአንድ ሌሊት ውስጥ ለመተረክ ሞከረ። የመጀመሪያው ጌም ቁልፍ እየፈለጉ በተዘጋ ትልቅ ቤት ውስጥ በቀስታ መሄድ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በሥራው የመጀመሪያ ቀን የመከራ ከተማ የገጠመው ፖሊስና ወንድሟን የምትፈልግ ልጅ ታሪክ ነው። ሁለቱ ፍጥነቶች ሲጋጩ ሁለቱም ጠፉ። በአንጻሩ «ዘ ላስት ኦቭ አስ» በቴሌቪዥን ሲሠራ የመጀመሪያው ምዕራፍ የመጀመሪያውን ጌም ይዞ አበቃ፤ ሰፊው ሁለተኛ ጌም ግን ከአንድ ምዕራፍ በላይ እንዲከፋፈል ተደረገ።

ጆይስቲክ የያዘውን ሰው ፍርሃት ለተመልካች ፍርሃት መውሰድ

ይህን ልዩነት ለማየት በከተማችን ካሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ ጥቂት መቀመጥ ይበቃል። እዚያ የሚበዛው የእግር ኳስ ጌም ቢሆንም፣ አመሻሽ ላይ ቤቱ ቀዝቀዝ ሲል አንዱ አስፈሪ ጌም ይከፍታል፤ ጓደኞቹም ከኋላው አግዳሚ ላይ ይደረደራሉ። ሁለት ጥይት ብቻ ሲቀረው የሚያልበው ጆይስቲክ የያዘው ልጅ እጅ ነው። ከኋላው ያሉት «በግራ ሂድ»፣ «ተመለስ» እያሉ ይሳሳቃሉ። ጥቂት ቆይቶ በጠባብ ኮሪደር ጫፍ ያለ በር ማንም ሳይነካው ገርበብ ሲል ግን ሳቁ ይቆማል፤ ቆሎ የሚቆረጥመው ልጅ እጁ ወደ አፉ ሳይደርስ እንደተዘረጋ ይቀራል። ለፊልም የሚሆነውን ጌም የሚመርጥ ሰው ማየት ያለበት ስክሪኑን ሳይሆን እነዚህን ከኋላ የተቀመጡትን ነው፤ የሲኒማው ተመልካች እነርሱን ይመስላልና።

አንዳንድ ጌሞች ፍርሃታቸው በሙሉ በእጅ ላይ ነው። በ2010 የወጣው «አምኒዥያ» ለተጫዋቹ መሣሪያ አይሰጠውም፤ መሸሽና መደበቅ ብቻ ነው ያለው፤ ይህም በፊልም ላይ ሲታይ የሚሮጥ ሰው ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። «ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ» በ2014 ሲወጣ ተጫዋቹን የሌሊት ጥበቃ አድርጎ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ካሜራ በተመለከተና በር በዘጋ ቁጥር የኤሌክትሪክ ኃይሉ እያለቀ ይሄዳል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ለሚያውቅ የባሕር ዳር ልጅ ይህ ፍርሃት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ያም ሆኖ ኤማ ታሚ በ2023 ፊልሙን ስታዘጋጅ የኃይል ቁጠባውን ተሸክሞ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ መጓዝ እንደማይቻል የተረዳች ይመስለኛል፤ ጥበቃው በልጅነቱ ወንድሙ ዓይኑ እያየ የተወሰደበት ሰው ተደርጎ ተጻፈ። በ20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራው ፊልም ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ አስገባ። የጌሙ ዝና ለዚህ ትልቅ ድርሻ ቢኖረውም፣ ክፍል ሁለት ሲታሰብ የሚቀጥል የሰው ጉዳይ የተገኘው ከዚያ ከተጨመረው ቁስል ነው።

በተቃራኒው የ«ሳይለንት ሂል» ትንሿ ሬዲዮ ጭራቅ ሲቀርብ የምታሰማው የሽሽሽ ድምፅ ያለ ምንም ለውጥ ወደ ፊልም ይሻገራል፤ ለመስማት ጆይስቲክ መያዝ አያስፈልግምና።

የቦታውን ምክንያት ሳያውቁ ቦታውን መቀየር

የመጀመሪያው «ሳይለንት ሂል» ጉም የመጣው የዚያን ዘመን ፕሌይስቴሽን ሩቅ ያለውን ነገር አጥርቶ ለማሳየት አቅም ስላልነበረው ነው፤ ሠሪዎቹም ጉድለቱን ወደ ፍርሃት ቀየሩት። የ2006ቱ ፊልም ይህ ችግር ስላልነበረበት ለጉሙ ሌላ ምክንያት ፈለገለት፤ ከመሬት በታች የሚነድ የድንጋይ ከሰል አመድ አደረገው፤ ለዚህም ከ1962 ጀምሮ ከሥሯ እሳት የሚነድባት የፔንሲልቬንያዋ ሴንትሬሊያ ምሳሌ ሆናለች።

ጣና ላይ የሚያስቡ ጸሐፊዎች ይህን የምክንያት ፍለጋ ይዘሉታል። ጉሙን ሐይቁ ላይ፣ የተተወውን ቤት ደግሞ ዘጌ ያስቀምጡና ያበቃል። ነገር ግን ዑራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነች ሌሎቹ የዘጌ ገዳማት የተተዉ አይደሉም፤ ቅዳሴ የሚቀደስባቸው፣ በዙሪያቸው ባለው የቡና ደን ውስጥ ሕዝብ የሚኖርባቸው ቅዱሳት ሥፍራዎች ናቸው። የአጋንንት ቤት አድርጎ ማሳየት ነውር ከመሆኑም በላይ አካባቢውን የሚያውቅ ተመልካች አያምነውም። ሴት ልጅ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችበትን ሦስተኛውን የ«ሳይለንት ሂል» ጌም ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ያመጣ ረቂቅ ደግሞ ሴቶች ወደ እነዚህ ገዳማት እንደማይገቡ ሳያውቅ የተጻፈ ነው። ከጥልቁ የሚወጣ ግዙፍ ፍጡርም ቢሆን፣ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታው እንኳ ከ15 ሜትር ለማያልፍ ሐይቅ አይስማማም።

ለጣና የሚስማማው አቅሙ የተመጠነ ሰው የሚሸሽበት ጌም ይመስለኛል። የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ካልደረቀ አያገለግልም። የጥይት ማለቅ በፊልም ላይ ጎልቶ አይታይም፤ በሌሊት ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ታንኳው ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ፣ ከጨለማው ውስጥ የጉማሬ ትንፋሽ ሲሰማ ግን ከኋላ ያሉት ልጆችም እጃቸው ይቆማል። በጌሙ ውስጥ በእጅ ብቻ የነበረው እጥረት ለዓይን የሚታይ ሆኗል።

ፈቃዱን ለመጨረሻ ማቆየት

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ በእኛ አቆጣጠር ቁጥር 410/1996፣ አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ መለወጥ የመብቱ ባለቤት ፈቃድ የሚያስፈልገው ተግባር ነው፤ ሐሳብ ለብቻው ግን በአዋጁ አይጠበቅም። ለልምምድ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ የኮናሚን ወይም የ«ሬዚደንት ኢቭል» ጌሞች ባለቤት የሆነውን የካፕኮምን ገጸ ባሕርያት ስምና መልክ ይዞ ካሜራ ማውጣት ሌላ ነው። ተከታይ ፊልም ሲሆን ጉዳዩ እጥፍ ይሆናል፤ ከጌሙ ባለቤት በተጨማሪ የመጀመሪያው ፊልም ፕሮዲዩሰር የጨመራቸው ሰዎችና ክስተቶች የራሱ ናቸውና፣ አሊስን የሚፈልግ ሰው ካፕኮምን ብቻ ጠይቆ አይጨርስም። ይህ ጥያቄ መቅረብ ያለበት ረቂቁ ካለቀ በኋላ ሳይሆን፣ ጌሞቹ ገና በወረቀት ላይ ሲደረደሩ ነው።