የነጋዴ ማኅበር ጉዳዩን ለመንግሥት የሚያቀርበው እንዴት ነው?

አዲስ መመሪያ ሊወጣ ነው ሲባል አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ገበያ ላይ መጀመሪያ የሚሰማው ማጉረምረም ነው። ማጉረምረም ደግሞ መዝገብ ቤት አይገባም። ማኅበር ካላችሁ በዚህ መንገድ ሞክሩት።

1. የመጣውን ወረቀት ለዩ። አዋጅ ከሆነ የሚጸድቀው አራት ኪሎ፣ በተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ቋሚ ኮሚቴው ውይይት ሲጠራ ተገኙ። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ እዚያ ከመድረሱ በፊት አርቃቂውን መሥሪያ ቤት አግኙ። ነጋዴውን በየዕለቱ የሚነካው ግን መመሪያ ነው። እዚህ ላይ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከጎናችሁ ነው፦ የፌዴራል ተቋም መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን አሳውቆ አስተያየት መቀበል አለበት። ብዙ ማኅበር ይህን መብቱን አያውቅም፤ መመሪያው ከወጣ በኋላ ነው የሚሯሯጠው።

2. እርስ በርስ ተስማሙ። ከባዱ ይሄ ነው። አስመጪው የሚፈልገውን የአገር ውስጥ አምራቹ ላይፈልገው ይችላል። ሁለቱ ወገኖች ሚኒስትር ፊት ከተከራከሩ አለቀ። ያልተስማማችሁበትን ተዉትና የጋራውን በቃለ ጉባኤ ያዙ።

3. «ተጎዳን» አትበሉ፤ አስሉት። ለምሳሌ ረቂቁ የታዘዘ ዕቃ «በ30 ቀን ውስጥ» ይግባ ካለ፣ ዕቃ ከታዘዘበት ቀን ጀምሮ ጅቡቲ ደርሶ መጋዘን እስኪገባ የሚፈጀውን ጊዜ ከአባላት ሰነድ አውጡ። ከዚያ አንቀጹን ራሳችሁ እንደገና ጻፉት። አርቃቂው ባለሙያ ሥራ በዝቶበታል፤ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ካገኘ ደስ ይለዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ከአሥር ገጽ አቤቱታ አንድ የተስተካከለ አንቀጽ ይበልጣል።

4. ደብዳቤውን በማኅተም አስገቡ፤ ገቢ የሆነበትን ቁጥር ያዙ። ግልባጩን ሜክሲኮ አደባባይ ላለው የአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ስጡ። ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፤ የንግድ ምክር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 341/1995 የነጋዴውና የመንግሥት ድልድይ እንዲሆኑም ይፈልጋል።

5. ለውይይት ስትጠሩ ሱቅ ውስጥ የሚውል ሰው ከሊቀመንበሩ ጋር አብሮ ይሂድ። ፖስታ ግን ይዞ እንዳይሄድ፤ ያ ጉቦ ነው፣ ያስከስሳል።

6. «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» መባሉ አይቀርም። ተመላለሱ። መመሪያው ሲወጣ ከረቂቁ ጋር አስተያዩት፤ ምን እንደተቀየረና ምን እንደቀረ ለአባላት በጽሑፍ አሳውቁ። መዋጮ የከፈሉት ለዚህ ነው።