እጃችሁ ላይ መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ወደ እኔ የሚመጡት ሥራ ያደከማቸው እጆች ናቸው። በርጩማ የሚጠርብ አናጢ፣ ቡና ስትለቅም የምትውል እናት፣ ልጇን ባነሳች ቁጥር አንጓዋን የሚወጋት አራስ። «መርፌውን ልወጋ ወይስ ይቅርብኝ?» ይሉኛል።

መጀመሪያ መርፌውን ለዩት። መቀመጫ ላይ የሚወጋው ዲክሎፌናክ ሕመሙን ለሰዓታት ብቻ ነው የሚያስታግሰው። እኔ የምለው የታመመው ቦታ ላይ የሚሰጠውን፣ እብጠት የሚቀንሰውን ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከማደንዘዣ ጋር ይሰጣል። ጣት ታጥፎ አልዘረጋ ሲል፣ ወይም በአውራ ጣት በኩል ያለው የአንጓ ጅማት ሽፋን ሲያብጥ ጥሩ ይሠራል። በተበላ መገጣጠሚያ ላይ ግን እፎይታው አጭር ሊሆን ይችላል።

ስኳር ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከመርፌው በኋላ ለቀናት ከፍ ሊል ስለሚችል ቶሎ ቶሎ ተለኩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ወይም እጃችሁ ላይ ቁስል ያለባችሁም አስቀድማችሁ ተናገሩ። እዚያው ቦታ ላይ ከዚህ በፊት ተወግታችሁ ከሆነ አትደብቁ፤ ሲደጋገም ጅማት ይሳሳል፣ ሊበጠስም ይችላል። መርፌው መግባት ያለበት ጅማቱ ውስጥ ሳይሆን ሽፋኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ይህን ለሠለጠነ ሐኪም እንጂ መርፌ መውጋት ለሚችል ሁሉ አትስጡ።

የተወጋው ቆዳ ሊነጣና ሊሰረጉድ ይችላል። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ማንም ሳይነግራት ቀርቶ ለምጽ የያዛት መስሏት ያለቀሰች ልጅ አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ እየተመለሰ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደስ ይላሉ፤ ማደንዘዣው ነው። እሱ ሲለቅ ሕመሙ ይመለሳል፣ ለአንድ ሁለት ቀን ሊብስም ይችላል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙበት። ስቴሮይዱ ራሱ ለመሥራት ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሕመሙ ጠፋ ማለት ጅማቱ ዳነ ማለት አይደለም። አናጢዎቹን የምለምናቸው ይህንኑ ነው፦ መሮና መጋዙን ለጥቂት ቀናት ለሌላ ሰው ስጡ፣ ስትመለሱም ቀስ እያላችሁ ጀምሩ። ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ የተወጋውን ቦታ አታሳሹ።

ቦታው እየቀላ፣ እየጋለ፣ እያበጠ ከሄደ ወይም ትኩሳት ከመጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግቡ።