«ፍቅር ያዘኝ» ከየት መጣ? የአባባልን ሥር ለመፈለግ

አንድ ጓደኛዬ ልጅቷን በተዋወቃት በሳምንቱ ስልኩን ከእጁ አልለይ አለ። እናቱ ታዝበው ታዝበው «ምን አስነክታው ነው?» አሉ። ሳቅን። ግን «አስነካች» የመድኃኒት ቋንቋ ነው፣ የመስተፋቅር።

እንዲህ ያለ አባባል ከየት እንደመጣ ለማወቅ መጀመሪያ «ፍቅር»ን አውጡና ግሱን ብቻ ያዙ። ሌላ ምን ላይ ይውላል? «ፍቅር ያዘኝ» እንላለን፤ «ጉንፋን ያዘኝ»፣ «ወባ ያዘኝ»ም እንላለን። ያዢው እሱ ነው፣ እኔ ተያዥ ነኝ። «ለከፈ»ንም ሞክሩት። ዛሬ መንገድ ላይ ሴት የሚያስቸግረውን ጎረምሳ ለካፊ እንለዋለን፤ ግን ዛርም ይለክፋል፣ ያበደ ውሻም ይለክፋል። ልክፍት የሚባለው በሽታ ከዚያው ነው። ስለዚህ አንዱ «ፍቅሯ ልክፍት ሆነብኝ» ካላችሁ፣ ሳያውቀው የዛር ቃል እየተዋሰ ነው ያለው።

ቀጥሎ ቃሉን እስከ ሦስቱ ፊደል አራቁቱት። «ክንፍ ብሎላታል» የሚለው ከ፣ ነ፣ ፈ ነው። ከነፈ፣ ማለትም በረረ፣ ፈጥኖ ሄደ። የወፍ ክንፍም ከዚሁ ቤት ነው። «መስተፋቅር» ደግሞ የግዕዝ ልጅ ነው፤ ሰዋስው ክፍል ከተማርነው «መስተዋድድ» ጋር አንድ ቅርጽ አለው፣ «የሚያፋቅር» እንደማለት።

አሁን መዝገበ ቃላት ክፈቱ። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ ሥራ ለዚህ አሪፍ ነው። ብቻ ፊደሉ የተደረደረው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን «ለ»ን ከፊት ገጾች ስፈልግ ቆይቼ መጽሐፉ የጎደለ መስሎኝ ነበር፣ ለካ «ለ» ያለችው ከ«ከ» ቀጥላ ነው። ስትፈልጉም በግሱ ግቡ፤ «ልክፍት»ን ሳይሆን «ለከፈ»ን።

ሰው የሚነግራችሁ ታሪክ በጣም ካማረ ግን ጠርጥሩ። «አንድ ንጉሥ ነበር» ብሎ የሚጀምር የቃል ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ለጨዋታ የተፈጠረ ነው።

«ፍቅር ውስጥ ወደቅሁ»ን ደግሞ መዝገብ ውስጥ አትልፉበት፤ የትርጉም ፊልም ይሸታል። ካላመናችሁ አያታችሁ ፊት በሏት። «ውይ! ጉድጓድ አለው እንዴ?» ይሏችኋል።